የዳቦ ጋጋሪው ይቅርታ

ጅረቱ ትንሽ ነው። ጉልበት ያለው ሰው ተንደርድሮ ቢዘል ጫማው ሳይርስ ይሻገረዋል። ግን ለከተማው ቅርብ ነው፤ ውሃው ከተራራ ስለሚወርድ በበጋም አጥንት ይቆረጥማል፤ ትራውት የሚባለው ጎነ ዝንጉርጉር ዓሣ ደግሞ እንዲህ ያለውን ውሃ ይወዳል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከድልድዩ እስከ አሮጌው ወፍጮ ድረስ ዘንግ የያዘ ሰው ሽቦ ላይ እንዳረፈ ወፍ ተደርድሮ ይውላል። አርፍዶ የመጣ የሚያገኘው የሰው ጀርባ ነው። «ከዓሣው አጥማጁ በዛ» የሚለውን ቀልድ እዚያ ዳር ያልሰማው የለም፤ የሚስቅበትም ከጠፋ ቆይቷል።

ሰዓት ሠሪው የጅረቱ ነባር ነበር። በከተማው «ጋሽ ደቂቃ» ይሉታል። «ሰዓቴ ደረሰ?» ብሎ ለመጣ ሁሉ «አንዲት ደቂቃ» ስለሚል ነው፤ የሱ ደቂቃ አንዳንዴ ሳምንት ትሆናለች። ከደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ ቀኝ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽሩን ሰክቶ፣ በወረንጦ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ብሎን አንስቶ ቦታዋ ሲያስቀምጣት ያየ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ሥራ ሲቀዘቅዝ በዚያው ወረንጦ የውሸት ዝንብ ይሠራል። የጅረቱ ሰዎች በትል አያጠምዱም። መንጠቆ ላይ የዶሮ አንገት ላባና ክር ጠምጥመው ውሃ ላይ ያረፈች ዝንብ ያስመስሉታል፤ ዓሣው እሷን ብሎ ብቅ ሲል ይያዛል። ዝንቢቱ ከላባ የተሠራች ስለሆነች በራሷ ክብደት አትወረወርም። ረጅሙ ክር መጀመሪያ ወደ ኋላ ይወነጨፋል፣ አየር ላይ ይዘረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊት የሚሄደው። አደጋውም ያለው ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ሰዓት ሠሪው አዲስ ለመጣ ሁሉ «ከኋላህ ማን እንዳለ ሳታይ አትወርውር» ይላል፤ ከዚያ በፊት ዘንግ አያስይዝም።

አማቹንም ያስተማረው እንዲሁ ነው። አማቹ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አባቱን በልጅነቱ ያጣ። የሰዓት ሠሪው ሚስት ከሞተች በኋላ ልጁና ባሏ «ብቻህን ግድግዳ አታናግርም» ብለው እሱ ቤት ገቡ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ወንዶች ገበታ ላይ ጨው ከማቀባበል ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። አንድ እሑድ ሰዓት ሠሪው ትርፍ ዘንግ አንስቶ «ና እስቲ» አለው። ከዚያ ወዲህ አማቹ ያለምንም ማፈር «አባባ» ይለው ጀመር። ልጅቱም በመስኮት ሆና ሁለቱ የጎማ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሲወጡ እያየች «ሁለት ባል አገባሁ እንዴ፣ ሁለቱም እሑድ የማይገኙ» እያለች ትስቅ ነበር።

ያን ዓመት ልጅቱ ነፍሰ ጡር ሆነች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሐኪሟ ከባድ እንዳታነሳ፣ እንዳትደነግጥ፣ እንዳትናደድ አዘዘ። ቤቱ በሙሉ በጣት መራመድ ጀመረ።

ከጅረቱ ሰዎች ሁሉ ለዓሣ ማጥመድ የማይሆነው ዳቦ ጋጋሪው ነበር። አጭር፣ ድቡልቡል፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ ጆሮው ላይ ዱቄት እንዳለ ይመጣል። መጥቶም የሚይዘው ዓሣ ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው። ክሩ ውሃው ዳር ባለው አኻያ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ሲቀር መሰላል እንደሌለው ሰው አንጋጦ ይስቃል። «ዛፍ አጥማጁ» የሚል ስም ወጣለት፤ እሱም ስሙን ወደደው። «ዛሬ ሁለት ኪሎ ቅጠል ያዝኩ» ብሎ ይሄዳል።

ነገሩ የደረሰው ዓሣው እንደ ልብ በሚነሳበት ወቅት፣ ጅረቱ ዳር መቆሚያ በጠፋበት እሑድ ነው። በዚያ ሳምንት ሰዓት ሠሪው ቡናማ ክር አልቆበት ከልጁ የስፌት ሣጥን ቀይ ሐር ወስዶ ሦስት ዝንብ ሠርቶ ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ ሦስቱንም ለአማቹ ሰጠው። «ቀዩ ይማርካቸው እንደሆን ሞክረው፤ እኔ አላምነውም» አለው።

አኻያው ሥር አንድ ትልቅ ትራውት ደጋግሞ ይነሳ ነበር። ሰዓት ሠሪው ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል። ዳቦ ጋጋሪው በግራው ነው፤ አማቹ ደግሞ ከፊታቸው በኩል ድንጋይ ላይ ቆሞ ወደ ላይኛው ውሃ ይወረውራል። ሰዓት ሠሪው አንድ ትንሽ ዓሣ ይዞ በመረብ አነሳው፣ ከመንጠቆው አላቆ ለቀቀው፣ ቀና አለ። ቀና ሲል ቀኝ ዓይኑ ላይ አሸዋ የተረጨበት መሰለው። ያን ያህል ነው መጀመሪያ የተሰማው። ከዚያ አንድ ክር ፊቱ ላይ ውጥር አለ፣ ወዲያው ላላ፤ ሕመሙ የመጣው ያኔ ነው። እጁን ወደ ፊቱ ሰዶ መሐል ላይ ተወው፣ ተንበረከከ። ውሃው ወገቡ ድረስ መጣ።

ሰው ተጯጯኸ። ወዲያና ወዲህ ዘንግ ተጣለ። የጅረቱ ሽማግሌ የሚባለው ጡረተኛው ፖስተኛ ግራ ቀኙን አይቶ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ቆመ። ክሩን አንስቶ ጫፉን ተመለከተ። ጫፉ ባዶ ነው፤ ዝንብ የለውም።

«ያው» አለ።

«እኔ… ቅድም ዛፉ ላይ የቀረ መስሎኝ ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ዛፉን አየ። ከዚያ ሰዓት ሠሪውን አየ። ፊቱ የገዛ ዱቄቱን መሰለ። «ዛፉ ላይ መስሎኝ» አለ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ።

አማቹ ውሃውን እየረገጠ መጣ። «አባባ፣ አይንኩት። እጅዎን ያውርዱ። እኔ አለሁ» አለና በብብቱ ደግፎ አወጣው። መኪናው ውስጥ መሪውን የያዙት እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሰዓት ሠሪው በደህናው ዓይኑ እጆቹን ሲያይ «ምን ያህል ቢወደኝ ነው» ብሎ አሰበ።

ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ ዓይኑን ግን ማዳን አልቻሉም። ማደንዘዣው ሲለቀው ነርሷ ዕቃዎቹን በፌስታል አመጣችለት፤ ሰዓቱን፣ ቁልፎቹን፣ የረጠበ መሐረቡን፣ እና በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከዓይኑ የወጣችውን መንጠቆ። «ልጣለው ወይስ ይፈልጉታል?» አለችው።

ብልቃጡን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠጋው። ላባዋ ረግፏል፣ ግን አንገቷ ላይ የተጠመጠመው ሐር እንዳለ ነው። ቀይ።

አንድ ሰው የገዛ እጁን ሥራ አይስትም፤ ቋጠሮው የሱ ነው፣ ሐሩ የልጁ ነው፣ ዝንቢቱን ቁርስ ላይ የተቀበለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ክሩ መጀመሪያ ተወጥሮ ከዚያ የላላው ለምን እንደሆነም ገባው። አንድ ሰው ቆርጦታል። የቆረጠ ሰው የቆረጠውን ያውቃል።

በሩ ላይ የልጁን ድምፅ ሲሰማ ብልቃጡን መዳፉ ውስጥ ደበቀ። ገባች፤ ሆዷ ገፋ ማለት ጀምሯል። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ግንባሯን እጁ ላይ አሳረፈች። አማቹ ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሰዓት ሠሪው «ይናገር ይሆናል» ብሎ ጠበቀ። አልተናገረም። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትመጣ ብልቃጡን ከፋሻው ጋር ቆሻሻ መጣያዋ ውስጥ ጣለው።

በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ጸጉሩን አበጥሮ፣ የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። አማቹ መስኮቱ ጋ ነበር። ወንበር አንስቶ «ይቀመጡ» ብሎ ሰጠው። ዳቦ ጋጋሪው አልተቀመጠም፤ ወንበሩን እንደ አጥር ይዞ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን ልበልዎት» አለ። «እጄ ይቆረጥ ብል ዓይንዎን አይመልስ። እርስዎ ‹ሳታይ አትወርውር› ብለውኛል። ስንት ጊዜ ብለውኛል። እኔ እዚያ የምመጣው ለመሳቅ ነበር…» ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ በአንድ ዓይን ማየትም አላቀለለውም።

ሰዓት ሠሪው አማቹን አየው። አማቹ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ያንን ቃል ቢናገር ልጁ ምን ትሆናለች? ሆዷ ውስጥ ያለውስ? ደግሞ ከሁሉ የቀለለው ቃል ምላሱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ዳቦ ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው።

ሰዓት ሠሪው ቤቱ ተመለሰ፤ ሥራው ግን አልተመለሰም። እንጀራው የቆመው በቀኝ ዓይኑ ላይ ነበር። አጉሊ መነጽሩን ወደ ግራ አዛውሮ ሞከረ። አንድ ዓይን ያለው ሰው ርቀት አይለካም፤ ወረንጦው ብሎኗን ያነሳ ሲመስለው አጠገቧ ያለውን አየር ያነሳል። የሰዎቹን የእጅ ሰዓት እየጠራ መለሰላቸውና የግድግዳ ሰዓት ብቻ መቀበል ጀመረ። የግድግዳ ሰዓት ደግሞ በዚህ ዘመን ማን ያሠራል።

በየማለዳው በሩ እጀታ ላይ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ተንጠልጥሎ ይገኛል። «ይሄ ሰውዬ እስከ መቼ ነው?» ትላለች ልጅቱ። «ተወው፣ ሆዱ ይረፍለት» ይላል አባቷ። ሦስቱም ተቀምጠው ይበሉታል። አማቹ የሱን ቁራሽ ለረጅም ጊዜ ያኝካል።

ጅረቱ ዳር «ዛፍ አጥማጁ» የሚለው ስም ተለውጦ «ዓይን አጥማጁ» ሆነ። እሱ ወደዚያ መሄዱን ቢያቆምም ስሙ ሱቁ ድረስ ተከትሎት ሄደ። ልጆች በመስኮቱ ስር ሲያልፉ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የተወጋው ለመርሳት ሲታገል፣ መርሳት ያቃተው ያልወጋው ሆነ።

አንድ ቀን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ወደ ሰዓት ሱቁ መጣች። የተከፋች ሳትሆን የደከማት ሴት ናት። ባንኮኒው ላይ ክንዷን አስደግፋ፣ «ጋሼ፣ አይተኛም» አለች። «ሲጋግር ያድራል፣ ቀን ደግሞ ይቀመጣል። በቀኝ እጁ መብላት ተወ፤ በግራው እያንጠባጠበ ነው የሚበላው። ይቅር እንዳሉት አውቃለሁ። እንደገና ይበሉት እስቲ። አንድ ጊዜ አልበቃው ይሆናል።»

«እለዋለሁ» አለ ሰዓት ሠሪው።

ስትወጣ ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን የግድግዳ ሰዓት አንጀት በጨርቅ ሸፈነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የሱ እውነት እያደረ ደፈረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቱ ጋደም ባለችበት፣ አማቹ ጓሮ መሰላል ላይ ወጥቶ አሸንዳ ውስጥ የተከማቸ ቅጠል እየጠረገ ነበር። ሰዓት ሠሪው መሰላሉን ከሥር ያዘለት።

«ሐሩ ቀይ ነበር» አለ።

ከላይ የሚወርደው ቅጠል ቆመ። አማቹ ቀስ ብሎ አንድ አንድ ደረጃ ወረደና ከመሰላሉ ሳይለቅ ቆመ።

«መቼ አወቁ?»

«ሆስፒታል፣ ነርሷ ስትሰጠኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ እስክትናገር።»

አማቹ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እኔ ደግሞ ካላወቁ ምን ያደርግልዎታል አልኩ» አለ። «ክሩን የቆረጥኩት እንዳልስብዎት ነው፣ አባባ። ቢላዋዬ ደረቴ ላይ ነበር፣ ሳላስብ ቆረጥኩት። እሱ ለርስዎ ብዬ ነው። ከዚያ ፖስተኛው የዚያን ምስኪን ክር አንስቶ ‹ያው› አለ። ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ዝም ያልኩት ለኔ ነው። አንዴ ዝም ካልኩ በኋላ ደግሞ የሚነገርበት ቀን ጠፋ።»

«እየሞተ ነው ሰውየው።»

«አውቃለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስክትወልድ ይታገሱኝ። ትንሽ ነው የቀራት። ከወለደች በማግስቱ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ። ይህንንም ፅንስ ብታጣ… እርስዎም ያውቋታል።»

ሰዓት ሠሪው የተከፈተውን መስኮት አየ። መጋረጃው ከውስጥ በቀስታ ይነቃነቃል። ልጁን ከሌላው ሰው ልጅ ጋር መዘነ፤ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

«እሺ» አለ።

ልጅቱ መውለጃዋ ሳይደርስ ወሬው መጣ። ዳቦ ጋጋሪው ቀኝ ክንዱን ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ምድጃ አቃጥሎት ሆስፒታል ገብቷል። አንዳንዱ እንቅልፍ ጥሎት ነው አለ። ሰዓት ሠሪው ሲደርስ ሚስቱን መተላለፊያው ላይ አገኛት።

«አዳልጦኝ ነው ይላል» አለችው። «ሃያ ዓመት ጋግሯል፣ ጋሼ። አዳልጦት አያውቅም። ስደርስ ክንዱ እዚያው ብረቱ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ያነሳሁለት።»

ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጦለታል። ሰዓት ሠሪውን ሲያይ ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አሁን ትንሽ ቀለለኝ፣ ጋሼ» አለ። «ዕዳችን ተቀራረበ።»

ሰዓት ሠሪው ወንበር አልፈለገም። «አንተ አይደለህም» አለ። «ስማኝ። ዓይኔን የመታኝ የአማቼ መንጠቆ ነው። ዝንቢቱን የሠራኋት እኔ ነኝ፣ አይቼ አውቄአታለሁ። ያንተ ዛፉ ላይ ነው የቀረው። ያልከው ልክ ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው በርኅራኄ አየው። «እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አለ። «ሸክሜ እንዲቀልልኝ ብለው አማችዎን ያስወቅሳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዓይን ላይ ነው እንግዲህ እኔ…»

«እውነቴን ነው።»

«እሺ ጋሼ» አለ፤ ሕመምተኛ እንደሚያባብሉ። ደህናውን እጁን ሰዶ የሰዓት ሠሪውን እጅ መታ መታ አደረገለት። ሚስቱም «ይተዉት፣ ይረፍ» አለች። ማንም አላመነውም። ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ መሆኑን ያኔ አወቀ።

ቤቱ ሲገባ ልጅቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። አማቹ አጠገቧ ነው። ሰዓት ሠሪው ኮቱን ሳያወልቅ ነገራት፤ ከቁርሱ እስከ ብልቃጡ፣ ከብልቃጡ እስከ መሰላሉ። ሲጨርስ እጇ ላይ ያለችውን ትንሽ ሹራብ አጥፋ ጨረሰች፣ ከሌሎቹ ላይ ደረበቻት።

«እውነት ነው?» አለች ባሏን።

«እውነት ነው።»

ሁለቱም ወንዶች እንዳትወድቅ እንደሚጠብቅ ሰው ጠጋ አሉ። አልወደቀችም። ወንበሩን ይዛ ተነሳች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀች። «ተነሱ» አለች። «ሁለታችሁም።»

ሆስፒታል፣ ዳቦ ጋጋሪው የተኛበት ክፍል ውስጥ አማቹ የአልጋው ግርጌ ቆሞ ተናገረ። አላጋነነም፣ አላለቀሰም፤ መሬት እንደሚለካ ሰው የት እንደቆመ፣ ነፋሱ ወዴት እንደነበር፣ ክሩ ወደ ኋላ ሲሄድ እንዴት እንደያዘበት፣ ቢላዋውን እንዴት እንዳወጣ አንድ በአንድ ነገረው። «ፖስተኛው የእርስዎን ክር ሲያነሳ ቆሜ አይ ነበር» አለ። «ወንበር የሰጠሁዎትም እኔ ነኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የወንበሩ ነገር ሲነሳ ዓይኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ያኔ አመነ። የተጠቀለለውን ክንዱን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሆነ አየው። ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረ።

«ያን ቀን ይቅር ብዬሃለሁ ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሚስቱ በሩን ከፈተች። «በሉ ውጡልን» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ልጅቱ በጊዜዋ ወለደች። ሴት ናት፣ ደህና ናት፤ ሲፈሩት የኖሩት ድንጋጤ ደርሶ አለፈ፣ ሕፃኗም ምንም አልሆነችም። ይህ ለሰዓት ሠሪው ከሁሉ የከፋው ነገር ነበር። ዝም ያለበት ምክንያት ምክንያት እንዳልነበረ አወቀ።

አማቹ በመጣው እሑድ ወደ ጅረቱ ወርዶ ከድልድዩ እስከ ወፍጮው የተሰለፈውን ሰው እየዞረ ነገረ። አንዳንዱ ሰደበው፤ አንዱ ዘንጉን ቀምቶ ጉልበቱ ላይ ሰበረበት። ጡረተኛው ፖስተኛ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደና ደንበኛ እስኪያልቅ ጥግ ቆሞ ጠበቀ፤ የተባባሉትን የሰማ የለም። ከዚያ በኋላ አማቹ በየማለዳው ሥራ ከመግባቱ በፊት ዳቦ ቤቱ ሄዶ የዱቄት ጆንያ ይሸከም ጀመር። የዳቦ ጋጋሪው ቀኝ ክንድ ድኗል፣ ግን አይዘረጋም። መጀመሪያ በጣት እየጠቆመ ያዝዘው ነበር። ኋላ ላይ መነጋገር ጀመሩ።

ልጅቱ ባሏንና ልጇን ይዛ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየች። ስትወጣ አባቷን አቅፋ ስማዋለች። «አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፣ አባዬ» አለችው። «ለአንቺ ብዬ ነው አትበለኝ። በኔ ስም አታስቀምጠው።»

ሰዓት ሠሪው ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ ከሰዓት ዳቦ ቤቱ ገባ። ሰው አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው በግራ እጁ ባንኮኒውን ይወለውላል። ቀና ብሎ አይቶ መወልወሉን ቀጠለ።

«ለአማቼ ይቅርታ አደረግህለት» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ፈርቶ ነው ልጁ። ፍርሃት ይገባኛል፤ እኔም ፈሪ ነኝ።» ጨርቁን አጠፈው። «እርስዎ ግን አልፈሩም። አልጋዎ ላይ ተኝተው፣ አውቀው፣ ይቅር አሉኝ። እኔም ጉልበትዎን ሳምኩ። እሱን ምን ላድርገው፣ ጋሼ? የት ልጣለው?»

ደጁ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ስትገባ ዳቦ ጋጋሪው ወደ እሷ ዞሮ «ምን ልስጥሽ?» አላት። ሰዓት ሠሪው ለሴትዮዋ ቦታ ለቀቀላትና ወጣ።

አሁንም በዚያችው ከተማ ይኖራሉ፤ መንገድ ላይም ይገናኛሉ። ዳቦ ጋጋሪው ጨዋ ስለሆነ ባርኔጣውን ነካ ያደርግለታል፣ አይቆምም። ሰዓት ሠሪው በጎደለው ዓይኑ በኩል ያለፈ እንደሆነ አያየውም፤ ካለፈ በኋላ የዱቄት ሽታ ሲሸተው ብቻ ዞር ይላል፣ ያኔ ግን ሰውየው ርቆ ሄዷል።